በሚኒሞ የሚቆራረጥ ሞተር ሳይክል፦ ብልሽቱን በየተራ እንዴት መለየት ይቻላል

ጋዝ ሲሰጡት ደህና የሚሄድ፣ ሲለቁለት ግን የሚንቀጠቀጥ፣ የሚቆራረጥ፣ ከዚያም ድንገት የሚጠፋ ሞተር ሲያጋጥም ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ካቻቪቴ ነው። የካርቡራተሩን (አየርና ነዳጅ የሚቀላቅለውን ክፍል) ቪቴ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ወደ ግራ ያዞራል፤ ሞተሩ ለአንድ ቀን የተሻለው ይመስላል፣ በነጋታው ይብሳል። ብልሽቱ ሌላ ቦታ ከነበረ አሁን ሁለት ብልሽት ሆኗል ማለት ነው። ቪቴው የሚነካው በመጨረሻ ነው፤ ከዚያ በፊት መታየት ያለበት ብዙ ነገር አለ።

ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ጋዝ ሳይሰጠው በዝቅተኛ ፍጥነት ሲዞር፣ ብቻ የሚያስቸግረው ለምንድን ነው? ጋዙ ሲዘጋ የካርቡራተሩ ትልቁ የነዳጅ መንገድ ሥራውን ያቆማል፤ ሞተሩ ነዳጅ የሚያገኘው በአንዲት ትንሽ የሚኒሞ ጄት (ቀዳዳ ያላት የነዳጅ ማሳለፊያ) ብቻ ነው። የዚህች ጄት ቀዳዳ በትንንሽ ሞተሮች ላይ ብዙውን ጊዜ ከ0.35 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። በትልቁ ጄት ሳይታወቅ የሚያልፍ ደቃቅ ቆሻሻ ይህችን ይደፍናታል። በዚያ ሰዓት ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየርም ጥቂት ስለሆነ በተሰነጠቀ የካርቡራተር ማገናኛ ጎማ ሾልኮ የሚገባ ትንሽ አየር ድብልቁን ያናጋዋል። ቫልቭ በጥቂቱ ቢያፈስ ደግሞ፣ ፒስተኑ ቀስ ብሎ ስለሚወጣ የታመቀው አየር ማምለጫ ጊዜ ያገኛል። ሞተሩ ፈጥኖ ሲዞር ይህ ሁሉ ይሸፈናል።

ከዚህ በታች ያለው ካርቡራተር ላላቸው ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተሮች ነው፤ ከ100 እስከ 200 ሲሲ ያሉትን ቦክሰርን፣ ቲቪኤስን፣ በሲጂ 125 አሠራር የተሠሩትን የቻይና ሞተሮች ይመለከታል። ነዳጅ በኤሌክትሮኒክስ የሚረጩ አዳዲሶቹ ሞተሮች የሚኒሞ ጄት የላቸውም፤ ካንዴላ (እሳት የሚሰጠው)፣ ፊልትሮ እና ቫልቭን የሚመለከተው ክፍል ግን ለእነርሱም ይሠራል።

በመጀመሪያ፦ ብልሽቱ የሞተሩ ነው?

ሞተሩን አሙቀው ማርሹን ፈሪ ላይ ያድርጉና አቁመው ያዳምጡ። ቆሞ በእኩል ድምፅ የሚሠራ፣ በ1ኛ እና በ2ኛ ማርሽ ቀስ ብሎ ሲሄድ ግን ነጠቅ ነጠቅ የሚያደርግ ከሆነ ካርቡራተሩን አይንኩት። ካቴናውን ይዩ። በመሃሉ ሲነኩት ወደ ላይና ወደ ታች ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር መጫወት አለበት፤ ከዚያ በላይ ከላላ ጥርሱ እየያዘና እየለቀቀ ይነጥቃል። ጎማውን አዙረው በአንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚወጠር ከሆነ ካቴናው ከነጥርሱ አልቋል።

ቆሞም ከተቆራረጠ ቀጥሎ የሚጠየቀው መቼ እንደሚብስ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ደብረ ብርሃን ላይ ውርጭ በጣለበት ጠዋት ማንኛውም ሞተር ያለ ቾክ ለጥቂት ደቂቃ ቢንገዳገድ ብልሽት አይደለም፤ ቾኩን ስበው 2 ወይም 3 ደቂቃ ይጠብቁት። ነገር ግን ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ቾክ ሲሳብለት ብቻ የሚረጋጋ ከሆነ ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው፦ ነዳጅ አንሶታል፣ ወይም ትርፍ አየር እየገባበት ነው። በተቃራኒው ሲቀዘቅዝ ደህና ሆኖ ሲሞቅ የሚያስቸግር፣ ትኩሱን አጥፍተው ለማስነሳት የሚለፋ ሞተር ቫልቩ ጠብቆ ሊሆን ይችላል። ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ካለ ነዳጅ በዝቶበታል። ጋዝ ሲለቁ ማርሚታው ጧ ጧ የሚል ከሆነ ነዳጅ አንሶታል፣ ወይም የማርሚታው ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያው ማሸጊያ) አየር ያስገባል።

ነዳጁ

ቤንዚን ከማደያ በጠፋ ጊዜ በሃይላንድ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ውሃ ወይም ነጭ ጋዝ አለበት። ለማየት የነዳጁን መዝጊያ ዘግተው በካርቡራተሩ ሆድ ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ቪቴ ላላ ያድርጉና የሚወርደውን በንጹሕ ጠርሙስ ይቀበሉ። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከታች እንደ ዶቃ ተድቦልቡሎ ይታያል። ዝገት ወይም ደቃቅ አሸዋ ካለ የሰልባትዮው (የነዳጅ ታንኩ) ውስጥ ዝጓል፣ ወይም የነዳጅ ማጣሪያው ተቀዷል፤ ያ ሳይስተካከል ካርቡራተር ማጽዳት በሳምንቱ ወደ ነበረበት መመለስ ነው። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን ጠብታው ወረቀት ላይ ሲደርቅ ቅባት ያለው ምልክት ይተዋል፤ ንጹሕ ቤንዚን ግን ተንኖ ይጠፋል። ይህን ሁሉ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ እሳትና ሲጋራ በሌለበት ያድርጉ።

የአየር ፊልትሮ

በመንዝና በአንኮበር የጠጠር መንገድ በጋውን የሚሠራ ሞተር ፊልትሮው የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ከሚለው ጊዜ በጣም ቀድሞ ይደፈናል። የተደፈነ ፊልትሮ አየር ስለሚከለክል ድብልቁ በነዳጅ ይከብዳል። የስፖንጅ ፊልትሮ በሞቀ ውሃና በሳሙና ታጥቦ፣ በጥላ ደርቆ፣ ጥቂት የሞተር ዘይት ተቀብቶ ሳይጠመዘዝ ጨመቅ ይደረጋል፤ ቤንዚን ስፖንጁን ያበላሸዋል። የወረቀቱ አይታጠብም፤ ይቀየራል። ፊልትሮውን አውጥቶ መንዳት ግን በፍጹም አይገባም፤ ያ አቧራ ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበቶች) እና ሲሊንደሩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል።

ካንዴላ

ካንዴላ ስለ ሞተሩ ጤና ብዙ ይናገራል፤ በትክክል ከተጠየቀ። ከረጅም መንገድ በኋላ የሚወጣ ካንዴላ የሚያሳየው የትልቁን ጄት ሁኔታ ነው። የሚኒሞውን ለማወቅ ሞተሩ ሞቆ 5 ደቂቃ በሚኒሞ ብቻ ይሥራ፤ ከዚያ አጥፍተው ይፍቱት። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ነዳጅ መብዛቱን፣ እርጥብ ጥቁር ቅባት ዘይት ወደ ላይ መውጣቱን፣ ነጭ የተቃጠለ መልክ ነዳጅ ማነሱን ያሳያል። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ድብልቁ ደህና ነው፤ ፍለጋውን ወደ ሌላ ያዙሩ። ክፍተቱ ለአብዛኞቹ የሲጂ ዓይነት ሞተሮች ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ነው። እንደ ፐልሰር ያሉ ሁለት ካንዴላ ያላቸው ሞተሮች አንዱ ሲሞት አይጠፉም፤ ሚኒሟቸው ብቻ ይሰበራል፤ ስለዚህ ሁለቱንም ይፈትሹ።

እሳቱን ለማየት ካንዴላውን ከቆቡ ጋር አድርገው ብረቱን ከሞተሩ ብረት ጋር ያስነኩና ያስነሱ። በካንዴላው ቀዳዳ በኩል የቤንዚን ትነት ስለሚወጣ ከቀዳዳው አርቀው ይያዙት። ጠንካራ፣ ሰማያዊ መልክ ያለው እሳት ጥሩ ነው፤ ቀጭን ቢጫ ከሆነ ካንዴላውን፣ ቆቡን፣ ከዚያ ቦቢናውን (ለካንዴላው ከፍተኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን) በየተራ ይቀይሩ። ማታ ጨለማ ውስጥ ሞተሩ ሲሠራ የካንዴላውን ገመድ ማየት ጠቃሚ ነው፤ ከተሰነጠቀ ትንንሽ ብልጭታ ወደ ሻሲው ሲዘል ይታያል።

የአየር ስርቆት

ካርቡራተሩንና ሞተሩን የሚያገናኘው ጎማ በፀሐይና በሙቀት ይሰነጠቃል። ምልክቱ ሚኒሞው የማይረጋጋ መሆኑ ነው፦ አንዴ ከፍ ይላል፣ አንዴ ይወርዳል፣ ጋዝ ሲለቁ ቶሎ አይመለስም። ሞተሩን በሚኒሞ ትተው በመርጨት ወይም በሲሪንጅ የሳሙና ውሃ በመጋጠሚያው ዙሪያ ጠብ ጠብ ያድርጉ። ድምፁ ከተለወጠ ስንጥቁ እዚያ ነው። ውሃው ካንዴላው ላይ እንዳይደርስ ይጠንቀቁ፤ ያለዚያ የእሳቱን ችግር ከአየሩ ጋር ያምታታሉ። በማጣበቂያ መለጠፍ ብዙ አይቆይም፤ ጎማውን መቀየር ነው።

ቫልቭ

ሰው የሚፈራው የሚጮኸውን ቫልቭ ነው፤ ሞተሩን የሚገድለው ግን ዝም ያለው ነው። የላላ ቫልቭ ይንቀጫቀጫል እንጂ ይዘጋል። የጠበቀ ቫልቭ ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋ እሳቱ በጠርዙ እያለፈ ያቃጥለዋል። ስለዚህ ድምፅ ለማጥፋት ብሎ ማጥበቅ ጉዳት ነው።

የቫልቩና የመቺው ክፍተት የሚለካው ሞተሩ ሙሉ ሌሊት ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ካንዴላውን ፈትተው የማግኔቱ የቲ (T) ምልክት ከጠቋሚው ጋር እስኪገጥም ያዙሩ። በዚህ ጊዜ ሁለቱም የቫልቭ መቺዎች በእጅ ሲነቀነቁ ትንሽ ሊጫወቱ ይገባል፤ አንዱ ከተወጠረ አንድ ሙሉ ዙር ይጨምሩ። በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለካ ቀጭን የብረት ቅጠል) የሚለካው ልክ ለሲጂ 125 ዓይነት ሞተር 0.08 ሚሊ ሜትር ለሁለቱም ነው፤ ቅጠሉ ሲሳብ ቀለል ያለ መጎተት መሰማት አለበት። ለሌሎቹ የየራሳቸው መጽሐፍ ልክ ይያዝ።

ቫልቩ ተስተካክሎም ሞተሩ ደካማ ከሆነ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት ይለካ፦ ሞተሩ ሞቆ፣ ጋዙ ሙሉ ተከፍቶ። እዚህ ላይ በደጋው የሚሠራ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በመጽሐፉ የተጻፈው ቁጥር በአብዛኛው ለባሕር ጠለል ነው። ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ጤነኛ ሞተርም በዚያው ልክ ዝቅ ብሎ ይነበባል። 12 ባር የተጻፈለት ሞተር 9 ባር ቢያሳይ አይፍቱት። ከዚያ በታች ከወረደ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምረው ደግመው ይለኩ፤ ከፍ ካለ ፋሻው አልቋል፣ ካልተለወጠ ቫልቩ ያፈሳል።

የሚኒሞ ጄት እና ቪቴው

አሁን ካርቡራተሩ ይወርዳል። ሆዱን ሲከፍቱ ከትልቁ ጄት አጠገብ ጠልቃ የተቀመጠችው ቀጭኗ የናስ ጄት የሚኒሞዋ ናት። ልኳ በትክክል የገባ ካቻቪቴ ይጠቀሙ፤ ናስ ለስላሳ ስለሆነ አፏ ቶሎ ይበላል። ወደ ብርሃን አንስተው ሲያዩ ቀዳዳዋ ክብና ጥርት ያለ መሆን አለበት። ከተደፈነች በካርቡራተር ማጽጃ ዘፍዝፈው ጎሚስታ ቤት በኮምፕሬሰር ያስነፉ። ግድ ከሆነ ከኤሌክትሪክ ሽቦ የተመዘዘች አንዲት የመዳብ ክር ትበቃለች፤ መርፌና የብረት ሽቦ ቀዳዳውን ያሰፋሉ፣ ከዚያ በኋላ ጄቷ ከመጣል አትድንም። በካርቡራተሩ አካል ውስጥ ያሉት ቀጫጭን መንገዶችም ይነፉ፤ ከመነፋታቸው በፊት ጎማ የሆነ ሁሉ ይውጣ።

የድብልቁን ቪቴ ሲፈቱ መጀመሪያ ዙሩን እየቆጠሩ ቀስ ብለው እስኪነካ ያስገቡና ቁጥሩን ይጻፉ። አጥብቀው ከጫኑት ሹል ጫፉ ይሰበራል። ካጸዱ በኋላ ከተዘጋበት አንድ ተኩል ዙር ከፍተው ይጀምሩ። 10 ደቂቃ ነድተው ሞተሩን ያሙቁ፣ በሚኒሞ ማስተካከያው ትንሽ ከፍ ያድርጉት፣ ከዚያ ቪቴውን ሩብ ሩብ ዙር እያዞሩ በየመሃሉ 10 ሰከንድ ይጠብቁ። ድምፁ ከፍተኛና እኩል የሚሆንበት ቦታ ልኩ ነው፤ በመጨረሻ ሚኒሞውን በደቂቃ ወደ 1,400 ዙር ያውርዱት። ቪቴው በሞተሩ በኩል ካለ ማስገባት ነዳጅ ይቀንሳል፤ በፊልትሮው በኩል ካለ ማስገባት አየር ይቀንሳል፣ ማለትም ድብልቁ ይከብዳል። ይህን አለማወቅ ብዙ ሰው በተቃራኒው እንዲያዞር ያደርገዋል። ቪቴው ቢዞርም ሞተሩ ምንም ካልመለሰ የሚኒሞው መንገድ አሁንም ተደፍኗል፣ ወይም አየር ይሰርቃል።

ከሸዋ ሮቢት ወደ ጣርማ በር

መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከ1,280 ሜትር ገደማ ተነስቶ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚወጣ ሞተር አየሩ ሲሳሳበት ድብልቁ ይከብዳል፤ ቆላ ላይ ደህና የነበረው ሚኒሞ ደብረ ሲና ሳይደርስ መንተፋተፍ ይጀምራል። ይህ ብልሽት አይደለም። ዘወትር ደጋ የሚሠራ ሰው ቪቴውን ከሩብ እስከ ግማሽ ዙር ወደሚያሳሳው በኩል ማዞር ይችላል። ሁለቱን የሚመላለስ ግን ለቆላው ያስተካክልና ደጋ ላይ ትንሽ መክበዱን ይቻል፤ ነዳጅ የበዛበት ሞተር ካንዴላ ያጠቁራል፣ ነዳጅ ያነሰው ግን ቆላ ወርዶ በሙቀት ፒስተን ያቃጥላል። በጣርማ በር ጉም ውስጥ ደርሶ የሚዳከም፣ 5 ደቂቃ ቆሞ ሲነሳ ደህና የሚሆን ሞተር ካለም ካርቡራተሩ ውስጥ በረዶ እየያዘ ሊሆን ይችላል፤ የሞተሩ የራሱ ሙቀት እስኪያቀልጠው አጥፍቶ መቆም ነው።