የስልክ ኮንትራት ሲያልቅ ዝም ብላችሁ አታድሱ

ለዓመታት ከአንድ የስልክ ድርጅት ጋር የቆየ ሰው ቅናሽ የሚገባው ይመስለዋል። ድርጅቱ ግን እንደዛ አያስብም። ጥሩ ጥሩው ዋጋ የሚቀመጠው ለአዲስ ደንበኛ ነው። አዲሱን ማማለል ያስፈልጋል፤ ነባሩ ግን የትም አይሄድም፣ በየወሩ ከባንክ ይቆረጥበታል፣ የክፍያ ቢሉንም ከፍቶ አያየውም። ስለዚህ «ስንት ዓመት ደንበኛችሁ ነኝ እኮ» ማለት ብቻውን ብዙ አያስገኝም። ዋጋ የሚወርደው መውጣት እንደምትችሉ ሲገባቸው ነው።

መጀመሪያ ኮንትራቱ የሚያልቅበትን ቀን እወቁ። አፑ ላይ ወይም ቢሉ ላይ አይጠፋም። ካጣችሁት በቻት ጠይቁና መልሱን ስክሪንሹት አንሱት። ቀኑ ሳይደርስ ከወጣችሁ የማፍረሻ ክፍያ ሊመጣባችሁ ይችላል፤ ያን ጊዜ «እሄዳለሁ» ብትሉም ማንም አይደነግጥም። ቀኑ ካለፈ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ብዙው ኮንትራት በራሱ አይቆምም፤ ወር በወር ይቀጥላል። የቀፎው ክፍያና የአገልግሎቱ ክፍያ ተደባልቆ በአንድ ቁጥር የተጻፈ ከሆነ፣ ቀፎውን በ24 ወር ከፍላችሁ ጨርሳችሁም 25ኛው ወር ላይ ያንኑ ገንዘብ ሊቆርጡባችሁ ይችላሉ። የራሳችሁን ስልክ እንደገና እየገዛችሁት ነው ማለት ነው! ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። እና ሊያልቅ አንድ ወር ገደማ ሲቀረው ጀምሩ።

ከዚያ ያለፉትን ሦስት ወራት የዳታ አጠቃቀማችሁን እዩ። ቤትም ሥራ ቦታም ዋይፋይ እያለው ያልተገደበ ዳታ የሚከፍል ሰው ሞልቷል። ሦስቱን ወር አይታችሁ ከፍተኛው ላይ ትንሽ ጨምሩበት፤ የሚያስፈልጋችሁ እሱ ነው።

አሁን ሒሳቡ። ሻጩ ስለ ወርሃዊው ብቻ እንድታስቡ ነው የሚፈልገው፤ እናንተ ጠቅላላውን አስሉ። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ፣ የፈለጋችሁት አገር ገንዘብ አድርጋችሁ ውሰዱት። አዲስ ቀፎ ያለው ኮንትራት በወር 45 ነው፣ ለ24 ወር፣ ቅድሚያ ደግሞ 60 ይከፈላል። 45 በ24 ሲባዛ 1,080፣ ከ60 ጋር 1,140። ያንኑ ዳታ ያለ ቀፎ፣ ሲም ካርድ ብቻ፣ በወር 15 ታገኛላችሁ እንበል፤ በ24 ወር 360 ይሆናል። ልዩነቱ 780 ነው። ስለዚህ ቀፎውን በ780 እየገዛችሁ ነው። ሱቅ ውስጥ 600 ከሆነ 180ው ለዱቤው የምትከፍሉት ነው። ሱቅ ውስጥ 850 ከሆነ ደግሞ ኮንትራቱ ያዋጣል፣ ውሰዱት። በእጃችሁ ያለው ቀፎ ገና ደህና ከሆነ ግን፣ የእኔን አስተያየት ከጠየቃችሁኝ፣ ባትሪውን አስቀይራችሁ ሲም ካርድ ብቻ ውሰዱ።

ከመደወላችሁ በፊት ሁለት ወይም ሦስት የሌላ ድርጅት ዋጋ ያዙ፣ ከነዳታው መጠንና ከነኮንትራቱ ርዝመት። የራሳችሁም ድርጅት ለአዲስ ደንበኛ ስንት እንደሚል እዩ፤ አካውንታችሁ ውስጥ ሳትገቡ ድረ ገጹን መክፈት ነው። አንድ ነገር ብቻ፣ ስትደራደሩ ልትሄዱበት የማትችሉትን ድርጅት ስም አትጥሩ። የዚያ ድርጅት ኔትወርክ ቤታችሁ ውስጥ የማይሠራ ከሆነ ርካሽነቱ ምን ይጠቅማል? እዚያ ኔትወርክ ላይ ያለ ጓደኛ ቤት ሲመጣ ስልኩን ተቀብላችሁ ሳሎንም መኝታ ቤትም ሞክሩት።

ስትደውሉ ማሽኑ ከሚዘረዝራቸው ምርጫዎች ውስጥ «ለማቋረጥ» ወይም «ለመልቀቅ» የሚለውን ንኩ። ተራው የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ቅናሽ የመስጠት ሥልጣን የለውም። ትላልቆቹ ድርጅቶች ሊወጣ ያለን ደንበኛ የሚያግባቡ ሌሎች ሠራተኞች አሏቸው፣ የተሻለው ዋጋ ያለው እነሱ ጋ ነው። እነሱ ላይ መጮህ አያስፈልግም። ዋጋውን ያወጡት እነሱ አይደሉም፤ ደግሞም ቀኑን ሙሉ ሲሰደቡ ለዋሉ ሰዎች ረጋ ብሎ የሚያወራ ሰው እፎይታ ነው። ንግግሩ እንዲህ ሊሄድ ይችላል፦

«እህቴ፣ ኮንትራቴ በዚህ ወር ያልቃል። እናንተ ጋ በወር 24 የምከፍልበትን ዳታ ሌላ ቦታ በ15 አግኝቻለሁ። መቆየት ብፈልግም በዚህ ዋጋ ግን አይሆንልኝም። ምን ታደርጉልኛላችሁ?»

እዚህ ላይ ዝም በሉ። የኪቦርዱ ድምፅ ቀጭ ቀጭ ሲል፣ እሷም ዝም ስትል፣ ክፍተቱን ለመሙላት «20ም ቢሆን ግድ የለም» እንዳትሉ። አፍ የሚያመልጠው እዚህ ጋ ነው።

«ይጠብቁኝ፣ ልይልዎት… እ… 20 ላደርግልዎት እችላለሁ።»

«አመሰግናለሁ፣ ግን አሁንም ይበዛል። ከዚህ የሚወርድ ከሌለ ቁጥሬን ይዤ መውጣት ነው የምፈልገው፣ እንዴት እንደሆነ ይንገሩኝ።»

ብዙ ጊዜ እውነተኛው ዋጋ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ካልወረደም ሌላ ነገር ጠይቁ፦ በዚያው ዋጋ ተጨማሪ ዳታ፣ ውጭ አገር የምትጠቀሙበት ዳታ፣ ወይም ከ24 ወር ይልቅ 12 ወር። ነጻ ስለሚባለው ስማርት ሰዓትና ታብሌት ግን ጠንቀቅ በሉ፤ ዕቃው ነጻ ቢሆንም የራሱ ሲምና የራሱ ወርሃዊ ክፍያ ይዞ ይመጣል፣ ከእናንተ ኮንትራት በኋላም ሊያልቅ ይችላል።

«ይሄ ዋጋ ለዛሬ ብቻ ነው» ካሏችሁ አትሩጡ። የሠራተኛውን ስም ጽፋችሁ ያዙ፣ አመስግናችሁ ዝጉ፣ ነገ ደውሉ። ሌላ ሰው ያነሳል፣ ምናልባት ሌላ ዋጋ ይሰጣል።

እሺ ከማለታችሁ በፊት ሁሉንም በኢሜይል አስልኩ። በቃል የተሰጠ ቅናሽ ላም አለኝ በሰማይ ነው። በተለይ ቅናሹ ለስንት ወር እንደሆነ ፈልጉ፤ ለመጀመሪያው 6 ወር ብቻ ሆኖ ከዚያ ወደ ድሮው የሚመለስ አለ። ኮንትራቱ መሀል ላይ በየዓመቱ ዋጋ እንጨምራለን የሚል አንቀጽ ካለም ጭማሪውን ጠቅላላው ሒሳብ ውስጥ አስገቡት። አሮጌ ፓኬጅ ላይ ያላችሁ ደግሞ፣ አሁን የማይሸጥ ጥሩ ነገር ካለው ስትቀይሩት አብሮ ይሄዳል፣ መልሱልን ብትሉም አብዛኛውን ጊዜ አይመልሱም። በስልክ ወይም በኢንተርኔት ተዋውላችሁ ከተጸጸታችሁ ግን መሰረዣ ጊዜ እንዳለ አጣሩ፤ ለምሳሌ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እንዲህ ላለው ውል 14 ቀን አለ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም። ሳትጠሩት ደውሎ «ነባር ደንበኛችን ስለሆኑ 40 በመቶ ቅናሽ አለዎት» የሚል ሰው ሌባ ሊሆን ይችላል። «አሁን በመልእክት የደረሰዎትን ኮድ ያንብቡልኝ» ካለ ወዲያው ዝጉት፤ በዚያ ኮድ አካውንታችሁ ውስጥ ገብቶ በስማችሁ ውድ ቀፎ ሊያዝ ይችላል። ቅናሹ እውነት ከሆነ ራሳችሁ ቢሉ ላይ ባለው ቁጥር ስትደውሉም ታገኙታላችሁ።

መውጣቱን ከወሰናችሁ አሮጌውን መስመር ቀድማችሁ አትዝጉ። ከተዘጋ ቁጥሩ ሊጠፋ ይችላል፣ የባንኩ መግቢያ ኮድ ደግሞ የሚመጣው እዚያ ቁጥር ላይ ነው። መጀመሪያ አዲሱ ድርጅት ቁጥሩን ይረከብ፤ እንደየአገሩ እነሱ ራሳቸው ይጨርሱታል ወይ ከአሮጌው ድርጅት ኮድ አምጡ ይሏችኋል። ቀፎው ለአንድ ድርጅት ብቻ የተቆለፈ እንደሆነም የሌላ ድርጅት ሲም አስገብታችሁ ቀድማችሁ አረጋግጡ፣ ከተቆለፈ አስከፍቱት።

እዚያው ድርጅት ጋ የቆያችሁ ከሆነ የመጀመሪያውን ቢል ከኢሜይሉ ጋር አስተያዩ። ቅናሹ ካልገባ ያንኑ ዕለት ደውሉ፤ ሦስት ወር አልፎ ያለአግባብ የተቆረጠን ማስመለስ የበለጠ ያደክማል።