የአሮጌ ሞተር ሳይክል የሚያንጠባጥብ የቤንዚን መክፈቻ ሲቀየር ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ቤንዚን ከሰልባትዮ (ከቤንዚን ማጠራቀሚያው) ወደ ካርቡራተር የሚወርድበትን መንገድ የምትከፍተውና የምትዘጋው ትንሽ ዕቃ፣ ሞተር ሳይክሉ ሃያና ሠላሳ ዓመት ካገለገለ በኋላ አንድ ቀን ማንጠባጠቧ አይቀርም። በውስጧ ያለው ላስቲክ ዘመን ሲቆጥር ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። ሥራው ሁለት ቡሎን ፈትቶ ሁለት ቡሎን ማሰር ስለሚመስል ብዙ ሰው የግማሽ ሰዓት ሥራ አድርጎ ይገምተዋል፤ እኔ ግን አዲስ መክፈቻ ተገዝቶ ከተገጠመ በኋላ በሳምንቱ መልሶ ሲያንጠባጥብ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ጥፋቱም አብዛኛውን ጊዜ የዕቃው ሳይሆን የአሠራሩ ነበር። እዚህ የማነሣቸው ስህተቶች በተለይ እንደ ያማሃ ዲቲ 125 እና ኤጂ 100 ያሉትን፣ መክፈቻቸው በሁለት ቡሎን ከሰልባትዮው ሥር የሚታሰረውን አሮጌ ሞተር ሳይክሎች የሚመለከቱ ናቸው፤ ሌሎቹንም ልዩነት ባለበት ቦታ እጠቅሳለሁ።

ከሁሉ የሚብሰው ስህተት ቤንዚኑ ከየት እንደሚወጣ ሳያረጋግጡ ዕቃ ለመግዛት መሄድ ነው። ቤንዚን ከወጣበት ቦታ ሆኖ አይጠብቅም፤ ብረቱን ተከትሎ ወርዶ ከዝቅተኛው ጫፍ ላይ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ከመክፈቻው ሥር የታየው ጠብታ ምንጩ ሰልባትዮውና መክፈቻው የተገናኙበት ጓርኒሲዮን (መሀላቸው ገብቶ የሚደፍነው ላስቲክ)፣ የእጀታው ዘንግ፣ ከታች ያለችው የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ኩባያ፣ ወደ ካርቡራተር የሚሄደው ቱቦ፣ አልፎ አልፎም ከበላዩ ያለው የሰልባትዮው ብየዳ ሊሆን ይችላል። ሁሉንም በንጹሕ ጨርቅ አድርቆ፣ በዙሪያው የተፈጨ ጠመኔ ወይም የሕፃናት ፓውደር ነስንሶ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ብቻ ምንጩን ያሳያል፤ ዱቄቱ ቀድሞ የረጠበበት ቦታ እርሱ ነው።

ከዚህ ሌላ በዓይን የማይታይ መፍሰስ አለ። መክፈቻው ተዘግቶ ሳለ ቤንዚን በውስጡ አልፎ ወደ ካርቡራተር ይወርዳል፤ የካርቡራተሩ ተንሳፋፊና መርፌው በደንብ የሚዘጉ ከሆነ ምንም ምልክት ላይታይ ይችላል፤ እነርሱም ካረጁ ግን ቤንዚኑ በትርፍ ማፍሰሻው ቱቦ ወደ መሬት ይወጣል ወይም ወደ ሞተሩ ይገባል። ይህን ለመለየት ቱቦውን ከካርቡራተሩ ነቅሎ ጫፉን በዕቃ ውስጥ ማድረግ፣ መክፈቻውን መዝጋትና አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል መጠበቅ ይበቃል። አንዲት ጠብታ እንኳ ከወረደች መክፈቻው አይዘጋም ማለት ነው። ምንም ካልወረደና ካርቡራተሩ የሚያፈሰው መክፈቻው ሲከፈት ብቻ ከሆነ፣ መታደስ ያለበት ካርቡራተሩ ነው፤ መክፈቻውን መቀየር ገንዘብ ከማባከን በቀር የሚያመጣው ለውጥ የለም።

ሁለተኛው ስህተት እሳትን መናቅ ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ ቅዝቃዜ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ያወጣል፤ ትነቱም ከአየር ከሦስት እስከ አራት እጥፍ ስለሚከብድ ወደ ላይ በንኖ አይጠፋም፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ ራቅ ካለ እሳት ይደርሳል። በግቢ ውስጥ ቡና የሚፈላበት ከሰል ስድስትና ሰባት እርምጃ ርቆ ስለሚታይ ብቻ አያሰጋም ብሎ ማሰብ ሰው ያቃጥላል። ሥራው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ከቤት ውጭ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ተነቅሎ መሠራት አለበት። የሚቀዳውንም ቤንዚን በክፍት ባልዲ ወይም በሃይላንድ ጠርሙስ ሳይሆን በደንብ በሚከደን የነዳጅ ዕቃ ማኖር ይገባል፤ በውኃ ጠርሙስ የተቀመጠ ቤንዚን ለልጆች ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

ሰልባትዮውን ሳያጎድሉ መክፈቻውን መፍታትም የዚሁ ቸልተኝነት ክፍል ነው። ቡሎኖቹ ሲላሉ የሚወርደውን ቤንዚን በጣት መያዝ አይቻልም።

ዕቃ ሲገዛ የሚፈጸመው ስህተት በዓይን ግምት መግዛት ነው። ሁለት መክፈቻዎች ከውጭ መንታ መስለው የቡሎኖቻቸው ርቀት ሊለያይ ይችላል፤ በገበያ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኙት ከመሀል እስከ መሀል ሲለኩ 34 ሚሊ ሜትር ወይም 44 ሚሊ ሜትር የሆኑ ናቸው። የድሮ ሆንዳዎች ብዙዎቹ ደግሞ ሁለት ቡሎን ሳይሆን አንድ ትልቅ ዳዶ አላቸው፤ በአንዳንዶቹ ላይ የዚህ ዳዶ የውስጥ ጥርስ ግማሹ በቀኝ፣ ግማሹ በግራ የሚዞር በመሆኑ ሲዞር ሰልባትዮውንና መክፈቻውን ወደ መሀል ይስባቸዋል። ይህን የማያውቅ ሰው መክፈቻውን በፒንሳ ይዞ በማዞር ጥርሱን ይበላዋል። ስለዚህ አሮጌውን ዕቃ ይዞ ወደ መለዋወጫ ሱቅ መሄድ ከሁሉ ይሻላል፤ የቱቦው መውጫ ወደየት እንደሚያይም አብሮ መታየት አለበት፤ ወደ ሞተሩ የዞረ መውጫ ቱቦውን ያጣምመዋል ወይም ከትኩስ ብረት ጋር ያነካካዋል።

በዚሁ አጋጣሚ ወደ ሰልባትዮው ውስጥ የሚገባውን ቀጭን ቱቦ ሳይለኩ መተው አይገባም። እጀታው በተለመደው ቦታ ላይ ሳለ ቤንዚን የሚገባው ከቱቦው አናት ሲሆን፣ በመጠባበቂያው (ሪዘርቭ) ላይ ሳለ ደግሞ ከሥሩ ካለው ቀዳዳ ነው፤ መጠባበቂያው የተለየ ዕቃ ያለው ሳይሆን ከቱቦው አናት በታች የቀረው ቤንዚን ነው። አዲሱ ቱቦ ከአሮጌው ካጠረ መጠባበቂያው በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ባለቤቱም ይህን የሚያውቀው ከተማ ርቆ መንገድ ላይ ሲቆም ነው። ቱቦው ረዝሞ አልገባ ካለም ቆርጦ ማሳጠር ያው ጉዳት ነው።

አሁን አብዛኛው ሥራ ወደሚበላሽበት ቦታ ደርሰናል፤ እርሱም መክፈቻውና ሰልባትዮው የሚገናኙበት ገጽ ነው። አሮጌው ጓርኒሲዮን ከወጣ በኋላ ፍርፋሪው በሰልባትዮው ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ አንዳንድ ጊዜም ከሥሩ ዝገት ይኖራል። ይህ ሳይጸዳ አዲስ ኦሪንግ (ክብ የላስቲክ ቀለበት) ቢቀመጥበት፣ ኦሪንጉ ሊሞላው የማይችል ቀዳዳ ስለሚኖር ከመጀመሪያው ቀን ያንጠባጥባል። በስለት ብረት መፋቅ ግን ገጹን ጭረት በጭረት ያደርገዋል፤ ጭረትም ለቤንዚን መንገድ ነው። በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ፍቆ፣ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብሎ ማለስለስ፣ ከዚያም አቧራው ወደ ውስጥ እንዳይገባ ቀዳዳው ተወትፎ መጥረግ ትክክለኛው መንገድ ነው። የመክፈቻው ገጽ ቀጥ ማለቱን ለማወቅ ደግሞ ብርጭቆ ወረቀቱን በመስታወት ላይ ዘርግቶ መክፈቻውን ጥቂት ማሸት ይበቃል፤ መሀሉ ሳይነካ ጫፍና ጫፉ ብቻ ካበራ፣ ከዚህ በፊት አለልክ በመጥበቁ ጎብጧል ማለት ነው።

ገጹ ሲያስቸግር ብዙዎች የሚሸሹት ወደ ሲሊኮን ነው። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ተራ ሲሊኮን ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከቦታውም ይነሣል፤ የተቆረሰው ቁራጭም ወርዶ የካርቡራተሩን ቀጭን ቀዳዳ ይደፍናል። አንድ ጊዜ አነሣሡ ደካማ ሆኖ ብዙ ጋራዥ የዞረ ሞተር ሳይክል ካርቡራተሩን ስፈታ ያገኘሁት እንደ ጥፍር ያለ የሲሊኮን ቅርፊት ነበር፤ የመጣውም ከዓመት በፊት ከተለጠፈ መክፈቻ ነው። ከአሮጌ የጎማ ላስቲክ ቆርጦ ጓርኒሲዮን መሥራትም እንዲሁ ነው፤ የጎማ ላስቲክ አየር ለመያዝ እንጂ ቤንዚን ለመቋቋም የተሠራ ስላልሆነ በጥቂት ቀናት ያብጣል። ለዚህ ቦታ የሚሆነው ናይትራይል የሚባለው ነዳጅ የሚችል ላስቲክ ነው፤ ቤንዚኑ ኢታኖል የተቀላቀለበት ከሆነ ደግሞ ቫይተን የተባለው ይበልጥ ይጸናል። ኢታኖል በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2008 ጀምሮ በአዲስ አበባ 5 በመቶ፣ ኋላም 10 በመቶ ከቤንዚን ጋር ሲቀላቀል ቆይቷል፤ ኢታኖል ከመለመዱ በፊት ከተሠሩት ላስቲኮችም ይህን የማይችሉ አሉ።

የቡሎኖቹ ሮንዴላ ትንሽ ቢመስልም መዘንጋት የለበትም። በአንዳንድ ሞተር ሳይክሎች ላይ፣ ለምሳሌ በብዙ ካዋሳኪዎች፣ ከቡሎኖቹ ራስ ሥር ያለው ሮንዴላ የናይለን ነው፤ ቤንዚኑ በቡሎኑ ጥርስ በኩል እንዳይወጣ የሚያግደው እርሱ ስለሆነ፣ ጠፍቶ የብረት ሮንዴላ ከተተካበት ሌላው ሁሉ አዲስ ቢሆንም ማንጠባጠቡ ይቀጥላል።

ማንጠባጠቡን በጉልበት ለማስቆም መሞከር ቀጣዩ ስህተት ነው። ቡሎኖቹ ቀጭን፣ ብዙ ጊዜ ስድስት ሚሊ ሜትር ናቸው፤ የሚታሰሩበትም ከሰልባትዮው ቆርቆሮ ጋር የተበየደ ትንሽ ጥርስ ነው። ጥርሱ ከተበላ የሰልባትዮ ብየዳ ይመጣል፤ የቤንዚን ሰልባትዮ መበየድ ደግሞ ባዶ ነው በተባለ ዕቃ ላይ እንኳ ሕይወት የሚያጠፋ ሥራ ነው። ኦሪንግ የሚዘጋው በመጨፍለቅ ሳይሆን እኩል በመጫን ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን ቡሎኖች በጣት አስገብቶ፣ ተራ በተራ ጥቂት ጥቂት እያጠበቁ፣ በአጭር መፍቻ ልከኛ ጉልበት ሲሰማ ማቆም ይገባል። የመክፈቻውን ፊት የያዙት ትንንሽ ብሎኖች በጃፓን ሥሪቶች ላይ መስቀላቸው ከተለመደው የፊሊፕስ ካቻቢቴ ጋር ፍጹም አይገጥምም፤ የጃፓኑን ደረጃ የጠበቀ ካቻቢቴ ካልተገኘ፣ በልኩ የሚገባውን መርጦ አጥብቆ እየተጫኑ ማዞር ራሳቸው እንዳይበላ ይረዳል።

መክፈቻው በሞተሩ ስበት (ሞተሩ አየር ሲስብ በሚፈጠረው ቫኪዩም) የሚሠራ ከሆነ ስህተቱ ሌላ መልክ ይይዛል። የድሮ ሱዙኪ ጂኤስ እና ካዋሳኪ ኬኤልአር 650 እንዲህ ዓይነት አላቸው። በእነዚህ ላይ መክፈቻው የሚከፈተው ሞተሩ ሲሠራ በቀጭን ቱቦ በሚመጣው ስበት ነው፤ ውስጣቸው ያለው ስስ ላስቲክ ከተቀደደ ቤንዚኑ በዚያው ቀጭን ቱቦ ቀጥታ ወደ ሞተሩ ይገባል፤ ከውጭ አንዲት ጠብታ አይታይም። ስለዚህ ያንን ቱቦ ነቅሎ ውስጡ ቤንዚን መኖሩን ማየት ያስፈልጋል። ባለቤቱ የእጅ መክፈቻ ሊተካበት ከፈለገ ሁለት ነገር አይርሳ፤ የስበቱን ቀዳዳ በሞተሩ በኩል መድፈን፣ ሞተሩን ባጠፋ ቁጥርም በእጁ መዝጋት። ካልደፈነው ሞተሩ ትርፍ አየር ይስባል፤ ካልዘጋው ደግሞ የካርቡራተሩ መርፌ ባረጀ ቀን ቤንዚኑ ሌሊቱን ወደ ሞተሩ ይወርዳል። በባለ አራት ምት ሞተር ላይ ዘይቱን ያቀጥነዋል፤ ሲሊንደሩን ከሞላም ፒስተኑ ፈሳሽ መጭመቅ ስለማይችል የሞተሩን የውስጥ ዕቃ ያጎብጣል። የዘይቱ መጠን ካለ ምክንያት ከፍ ካለና ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ፣ ዘይቱ ሳይቀየር ሞተሩ መነሣት የለበትም።

የሰልባትዮውን ውስጥ ሳያዩ አዲስ መክፈቻ መግጠም አዲሱን ዕቃ ለአሮጌ ዝገት መስጠት ነው፤ የዝገት ብናኝ ከላስቲኩ ሥር ገብቶ እንዳይዘጋ ያደርገዋል። በባትሪ መብራት አይቶ፣ ጥቂት ቤንዚን አስገብቶ አንቀርቅቦ መድፋት፣ ንጹሕ እስኪወጣ ድረስ መድገም ነው። የደረቀውን የቤንዚን ቱቦም እዚያው መቀየር ይገባል፤ ቱቦው ዋጋው ትንሽ ነው፣ ሲነቀልም ጫፉ ስለሚሰነጠቅ ተመልሶ በደንብ አይዝም።

በመጨረሻም እንደገጠሙ ሰልባትዮውን ሞልቶ መንዳት አይገባም። ሰልባትዮው በሞተር ሳይክሉ ላይ ሳይገጠም ቤንዚኑ ከውስጠኛው ቱቦ አናት ትንሽ እስኪያልፍ ድረስ ብቻ ጨምሮ፣ ከሥሩ ደረቅ ወረቀት አንጥፎ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ፣ እጀታውንም በየቦታው እያዞሩ ማየት ያስፈልጋል፤ በተዘጋው ቦታ ምንም እንዳይወርድ፣ በሁለቱ ክፍት ቦታዎች ደግሞ ሳይቆራረጥ እንዲወርድ። በክፍቱ ቦታ ላይ መውረድ ጀምሮ የሚቆም ከሆነ አዲሱን መክፈቻ ከመውቀስ በፊት የሰልባትዮውን ክዳን ከፍቶ መሞከር ነው፤ ክዳኑ ሲከፈት መውረዱን ከቀጠለ የተደፈነው የክዳኑ የአየር ቀዳዳ ነው። ወረቀቱ ደረቅ ሆኖ ከቆየ ሰልባትዮው ይገጠማል፣ ይሞላል፤ የሙሉ ሰልባትዮ ክብደት በኦሪንጉ ላይ የሚጨምረው ጫና ስላለም በማግስቱ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ በመክፈቻው ዙሪያ ጣት አዙሮ ማሽተት ያስፈልጋል።