እንግዳ ይዛችሁ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስትሄዱ

ጥምቀት በደረሰ ቁጥር ቤቴ በእንግዳ ይሞላል። ፋሲል ግንብን ካዩ በኋላ ባጃጅ ይዘን እዚሁ ጎንደር ወዳለው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን እንወጣለን። ብዙው ሰው ገብቶ አንገቱን ያቀናል፣ ጣሪያው ላይ የተደረደሩትን የመላእክት ፊቶች ያያል፣ «ጉድ ነው!» ይላል፣ ፎቶ አንስቶ ይወጣል። አንጀቴን ያሳርረኛል። አሁን የኔን እንግዳ የማስጎበኘው በራሴ ሕግ ነው።

ቅዳሴ ካለቀ በኋላ፣ ሰው ሳይበዛ ሂዱ። ጫማ ስለሚወልቅ የተቀደደ ካልሲ አታድርጉ። ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱ፤ ፍላሽማ ጭራሽ አይሞከርም። ከፀሐይ ስትገቡ ውስጡ ጨለማ ይመስላል። ዓይናችሁ እስኪለምድ ዝም ብላችሁ ቁሙ።

ጣሪያውን ለመጨረሻ አቆዩት። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ፖስት ካርዱ ሁሉ እሱ ነው። ግን መጀመሪያ ግድግዳው ላይ አንድ ሥዕል ምረጡ። አንድ ብቻ።

ከዚያ ዓይን ዓይኑን እዩ። የድሮ ሠዓሊዎቻችን ደግ ሰው ሲስሉ ሁለቱንም ዓይኑን ያሳያሉ። ክፉውን ግን በጎን ይስሉታል፤ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ክርስቶስን የሚገርፉትን ፈልጋችሁ አረጋግጡ። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ይህን ሹክ በሉትና ልቀቁት። ባለ አንድ ዓይኖቹን ሲያድን «እንሂድ» ማለቱን ይረሳዋል።

ቀጥሎ ጠጋ በሉ፤ መንካት የለም። የጎንደር ሠዓሊዎች ብዙ ጊዜ የሚስሉት በጥጥ ጨርቅ ላይ ነበር፤ ጨርቁ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ቀለሙ የተላጠበት ጠርዝ ካገኛችሁ ከሥሩ ድርና ማጉ ይታያል። አያቴ ፈታይ ስለነበሩ ይሆናል፣ እኔ ግማሹን ምስጋና የምሰጠው ለፈታይዋና ለሸማኔው ነው።

ንጉሡ አድያም ሰገድ ኢያሱ ደብሩን ሲያሠሩ፣ በ1680ዎቹ ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ አብዛኛው ሕዝብ ፊደል አልቆጠረም። ሥዕሉ መጽሐፉ ነበር ይባላል። እውነት ነው፣ ግን አይበቃም። ዛሬ ዲግሪ ያለውም እዚያው ሥዕል ፊት ይቆማል። ከመቅደሱ በር በላይ ስቅለቱ አለ፣ ከሱ በላይ ደግሞ ሥላሴ። አንድ ቀን ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ እናት ስቅለቱን ቀና ብለው እያዩ «እመቤቴ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ» ሲሉ ሰማሁ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ሐዘንተኛ ሰው ሁሉ የሚያውቅለት ፊት ይፈልጋል፤ ያንን ፊት ደግሞ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ መሳል አለበት። «ሥዕል ምን ይጠቅማል? ዳቦ አይሆን!» የሚል እንግዳ ከመጣብኝ አልከራከርም። እዚያ አቆመውና ሰው እንዴት እንደሚጸልይ ያያል።

ደርቡሽ፣ የሱዳኑ የመሐዲ ጦር፣ በ1880 ዓ.ም. የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥል ይህ ደብር ተርፏል። ንቦች ናቸው ያባረሩት ይባላል። የንቦቹን ታሪክ ለካህኑ ተዉላቸው፤ ከኔ አሳምረው ያወጉታል።

አሁን ምንጣፉ ላይ ተቀመጡና ወደ ላይ እዩ። መላእክቱ በአንዴ ሲታዩ አንድ ዓይነት ይመስላሉ። ከአንድ መስመር ጀምሩና ዓይናቸው ወዴት እንደሚያይ ተከተሉ። አንገታችሁ ሲያማችሁ አቁሙ።

ቤት ስትመለሱ፣ ቡናው እስኪፈላ «ያምራል አይደል?» ብላችሁ አትጠይቁ። «አዎ» ይላችሁና ወሬው እዚያው ይሞታል። «የትኛው ፊት ትዝ አለህ?» በሉት። ለልጆቹ ደግሞ ወረቀትና እርሳስ ስጧቸው። የወንድሜ ልጅ ቤተሰቡን በሙሉ ሁለት ሁለት ዓይን አድርጎ ሳለና እኔን ብቻ በጎን ሳለኝ። ጠዋት የቤት ሥራውን ሳይጨርስ አንወጣም ብዬው ነበር።