የትንሿን ፍሪጅ በረዶ ያለ ቢላዋ ማቅለጥ

ባለ አንድ በር ትንሽ ፍሪጅ ያለው ሰው ነገሩን ያውቀዋል። የላይኛዋ የበረዶ ክፍል ቀስ በቀስ ትጠባለች። በመጨረሻ ስጋው ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ ይላል፣ ትንሿ በርም አልዘጋም ትላለች።

በረዶ ሲበዛ «ፍሪጄ ጎበዝ ነው» የሚል ብዙ ነው። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። የሚያቀዘቅዘው በግድግዳው ውስጥ በቀጫጭን ቱቦዎች የሚዞረው ጋዝ ነው። በረዶው በላዩ ሲወፍር እንደ ጋቢ ይሸፍነዋል። ቅዝቃዜው ወደ ምግቡ በደንብ አያልፍም፣ ሞተሩ እረፍት ያጣል፣ የመብራት ሂሳብም ይጨምራል። ስለዚህ ውፍረቱ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ሲደርስ ማቅለጥ ነው።

መቼ ይሻላል?

ፍሪጁ ባዶ ሲሆን። ለጿሚ ቤት የሁዳዴ የመጀመሪያ ቀናት ምቹ ናቸው፤ ስጋ የለ፣ ወተት የለ። ለሌላው ደግሞ አስቤዛ ከመግዛቱ በፊት ያለው ቀን ይመቻል። ጠዋት ጀምሩት፣ ሰዓታት ይወስዳል። መብራት ጠፍቶ በረዶው መንጠባጠብ ከጀመረም ግማሹ ሥራ ተሠርቷልና አጋጣሚውን ተጠቀሙበት።

አሠራሩ

መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀሉ። የቀረውን ስጋ በፌስታልና በጋዜጣ ጠቅልላችሁ ባልዲ ውስጥ ክተቱት፣ በብርድ ልብስም ሸፍኑት። ሲመለስ ውስጡ ገና በረዶ ያለበት ከሆነ ችግር የለውም። ሙሉ በሙሉ የለሰለሰውን ግን ያኑ ቀን ሥሩት።

ወለሉ ላይ አሮጌ ፎጣ አንጥፉ፣ ከበረዶው ክፍል ሥር ሰፋ ያለ ዕቃ አስቀምጡ። በሩን ከፍታችሁ ተዉት። ከቸኮላችሁ ውሃ አሙቁና በድስት አድርጋችሁ፣ ከሥሩ የታጠፈ ፎጣ ጣል አድርጋችሁ፣ የበረዶው ክፍል ውስጥ አስቀምጡት። በሩን ግጥም አድርጉት። ውሃው በየአሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃው ይቀየር። ትንሽ ቆይቶ በረዶው ራሱ ከግድግዳው ይላቀቃል፣ በእጅ ታነሡታላችሁ። ግፋ ቢል የእንጨት ማማሰያ ይበቃል።

ቢላዋ ግን በፍጹም! ግድግዳው ስስ አሉሚኒየም ነው፣ ጋዙ የሚያልፈውም እዚያው ውስጥ ነው። አንዴ ብትወጉት በቂ ነው፤ «ፍስስ» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ፣ ፍሪጁም ማቀዝቀዙን ያቆማል። ቀዳዳውን መድፈንና ጋዝ መሙላት ወጪው ቀላል አይደለም። ሌላም ጣጣ አለ። አዳዲሶቹ ትንንሽ ፍሪጆች በአብዛኛው የሚሠሩት አር 600ኤ በሚባል ጋዝ ነው። ከኋላ በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ታገኙታላችሁ። ይህ ጋዝ የላይተር ጋዝ የቅርብ ዘመድ ነው፣ ይቀጣጠላል። እንዲያ ያለ ድምፅ ከሰማችሁ መስኮት ክፈቱ፣ ማብሪያ ማጥፊያ አትንኩ፣ የቡናው ከሰልም ይቅር። የፀጉር ማድረቂያ የሚጠቀሙ አሉ። እኔ አልመክርም፤ ኤሌክትሪክና የሚንጠባጠብ ውሃ አይዋደዱም፣ ፕላስቲኩም ይጣመማል።

ሁሉም ከቀለጠ በኋላ ለብ ባለ ውሃ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጣችሁ እጠቡት። ሽታ ያለው ሳሙና ምግቡ ላይ ይቀራል። ፍሪጁ ከኋላ በኩል ውሃ ማውረጃ ቀዳዳ ካለው እንዳልተደፈነ እዩ። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ አድርቁት። እዚህ ላይ አትስነፉ፣ የቀረው እርጥበት ነገ በረዶ ነው።

መልሳችሁ ሰኩትና ባዶውን ትንሽ ሰዓት አቆዩት። የቅዝቃዜ ማስተካከያውን ቁጥር መሐል ላይ አድርጉት፤ ቁጥሩ ዲግሪ አይደለም፣ ከፍ ባለ ቁጥር ይበልጥ ይቀዘቅዛል። በትንሿ በር ላይ ያሉትን ኮከቦችም ተመልከቱ። አንድ ኮከብ ከዜሮ በታች 6 ዲግሪ፣ ሁለት 12፣ ሦስት 18 ማለት ነው። ባለ አንድ ኮከብ ውስጥ ስጋ ከአንድ ሳምንት በላይ ማቆየት ጥሩ አይደለም።

ቶሎ እንዳይመለስ

በረዶው የሚሠራው ከአየር እርጥበት ነው። ትኩስ ወጥ ማስገባት፣ ሾርባ ሳይከድኑ መተው፣ በሩን ከፍቶ «ምን ልብላ» እያሉ መቆም፣ ሁሉም እርጥበት ያስገባሉ። ክረምት ላይ ይብሳል።

የበሩን ጎማም ፈትሹ። የአሥር ብር ኖት በሩ ላይ አጣብቃችሁ ዝጉና ሳቡት። ያለ ምንም ትግል ከወጣ ጎማው አልገጠመም። አንዳንዴ ቆሻሻ ብቻ ነው፤ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጥረጉት። የደረቀ ጎማ በሞቀ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ሲታሽ ሊለሰልስ ይችላል። ካልሆነ ይቀየር።

ጎማው ደህና ሆኖ በሳምንት፣ በሁለት ሳምንት በረዶው ከተመለሰ ሞተሩን አዳምጡ። መነሣትም ማረፍም አለበት። ጭራሽ የማያርፍ ከሆነ ችግሩ ቅዝቃዜውን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ሊሆን ይችላልና ባለሙያ ጥሩ። ባለሙያው ገና ሳይፈትሽ «ጋዝ ጨርሷል» ካላችሁ ግን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «የት ነው ያፈሰሰው?» ጋዙ የሚዞረው በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ስለሆነ በአገልግሎት ብዛት አያልቅም። ጋዝ ያነሰው ፍሪጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ በረዶ የሚይዘው አንድ ጥግ ላይ ብቻ ነው፣ የቀረው ግድግዳ ባዶ ይሆናል። የእናንተው ዙሪያውን እኩል በረዶ ከለበሰ ጋዝ ከማስሞላታችሁ በፊት ጎማውንና ቴርሞስታቱን አስፈትሹ።