የጃፓኑን ኦኒጊሪ ቤት ውስጥ እንዴት እንሥራ?

ጠዋት ወደ ሥራ የሚጣደፍ የቶኪዮ ሰው ቁርሱን ብዙ ጊዜ ከኮንቢኒ ይገዛል። ኮንቢኒ ሌት ተቀን ክፍት የሆነ የሰፈር ሱቅ ነው፤ መደርደሪያው ላይ ከማይጠፉት ነገሮች አንዱ ደግሞ ባለ ሦስት ማዕዘኑ፣ ጥቁር የባሕር አልጌ የተጠቀለለበት የሩዝ ድብልብል፣ ኦኒጊሪ ነው። በአንድ እጅ ተይዞ፣ እየተሄደም ተቀምጦም ይበላል፤ ማንኪያም ሹካም አይፈልግም።

ይህ ተራ ምግብ ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ሰው ተሰልፎ የሚጠብቀው ሆኗል። ቶኪዮ፣ ኦትሱካ ሰፈር ውስጥ በ1960 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የተከፈተው ቦንጎ የተባለው ኦኒጊሪ ቤት ከ50 በላይ ዓይነት ማባያ አለው፤ ደጃፉ ላይ ለሰዓታት የሚቆሙም አሉ። አሳኩሳ ያለው ያዶሮኩ ደግሞ ከ1954 ጀምሮ ይሠራል፤ ምግብ ቤቶችን እየመዘነ ደረጃ የሚሰጠው የሚሼሊን መመሪያ ውስጥም ስሙ ገብቷል።

ቤት ውስጥ ለመሥራት ከባድ አይደለም። ብዙ ሰው ግን ሐሳቡን ሁሉ ውስጡ በሚገባው ማባያ ላይ ይጥልና ሩዙን ይዘነጋዋል። ማባያው አንድ ማንኪያ ቢሆን ነው፤ የተቀረው በሙሉ ሩዝ ነው። ስለዚህ ጊዜያችሁን ሩዙ ላይ አጥፉ።

የሚያስፈልጉት

ለስድስት ኦኒጊሪ፦ 300 ግራም አጭር ፍሬ ሩዝ፣ 400 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ፣ ጨው፣ ሦስት ትልልቅ የኖሪ ቅጠል (ኖሪ ያልነው ያ የደረቀ የባሕር አልጌ ነው)፣ አንድ ቆርቆሮ ቱና፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማዮኔዝ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሶይ ሶስ።

ባስማቲ አይሆንም። ፍሬው ረጅም የሆነ ሩዝ ሲበስል እንዲነጣጠል የሚያደርግ የስታርች ዓይነት ይበዛበታል፤ የቱንም ያህል ብትጨብጡት ይበተናል። ከጃፓን ዝርያዎች ኮሺሂካሪ ስመ ጥር ነው። እሱ ካልተገኘ የካሊፎርኒያው ካልሮዝ ይበቃል፤ ሱፐርማርኬት ውስጥ «የሱሺ ሩዝ» ተብሎ የሚሸጠውም ይሆናል። ብቻ እንደ ሱሺ ኮምጣጤና ስኳር እንዳትጨምሩበት። ኦኒጊሪ ጨው እንጂ ኮምጣጤ አያውቅም።

ማጠብና መዘፍዘፍ

የመጀመሪያውን ውሃ አፍስሳችሁ፣ አንዴ አማስላችሁ ወዲያው ድፉት። ደረቁ ሩዝ ያገኘውን ውሃ በፍጥነት ስለሚመጥ፣ ያ ነጭ ውሃ ከቆየበት የገለባ ሽታ ይዞ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ጣቶቻችሁን ፈታ አድርጋችሁ እያዞራችሁ፣ ሦስት አራት ጊዜ ውሃ እየቀያየራችሁ እጠቡ። ውሃው ጭራሽ ኩልል እስኪል አትጠብቁ፤ ስስ ደመና ሲመስል በቂ ነው። ቀጥሎ በንጹህ ውሃ ለግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉት፤ ፍሬው ከግልጽነት ወደ ድፍን ነጭ ሲለወጥ ታዩታላችሁ። ከዚያ አጥልሉት።

ማብሰል

ሩዙንና 400 ሚሊ ሊትሩን ውሃ ወፍራም ድስት ውስጥ ጨምሩ፤ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ይሁን። መካከለኛ እሳት ላይ እስኪፈላ ጠብቁ፣ ከዚያ እሳቱን እጅግ አሳንሳችሁ 12 ደቂቃ አቆዩት። አጥፉትና ክዳኑን ሳትከፍቱ ሌላ 10 ደቂቃ ተዉት። ይቺ የመጨረሻዋ 10 ደቂቃ የምትዘለል አይደለችም፤ እንፋሎቱ እስከ ፍሬው መሐል የሚደርሰው ያኔ ነው።

አዲስ አበባ ለምትኖሩ አንድ ነገር ልጨምር። ከተማችን ከፍታዋ ብዙ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጨምሩ፣ በትንሽ እሳት የሚቆይበትንም አራት አምስት ደቂቃ አስረዝሙ። የጃፓን አሠራር ቃል በቃል ተከትላችሁ ሩዙ መሐሉ ጥሬ ከሆነባችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ሲበስል ሰፋ ባለ የእንጨት ማንኪያ ከሥሩ እያነሳችሁ ገልብጡት፤ አትፍጩት። እጅ የሚችለው ሙቀት ላይ እስኪደርስ ጠብቁ፣ ግን አይቀዝቅዝ። ቀዝቃዛ ሩዝ እርስ በርሱ አይያያዝም።

ማባያው

ቱናውን ከቆርቆሮው አውጥታችሁ ዘይቱን ወይም ውሃውን ጨምቃችሁ አስወግዱ፤ እርጥበት ከቀረበት ኦኒጊሪው ከውስጥ ይፈርሳል። ከማዮኔዙና ከሶይ ሶሱ ጋር አዋህዱት። ዛሬ እጅግ የተለመደውን ይህን ማባያ ለገበያ ያቀረበው ሰቨን ኢለቨን ጃፓን ነው፣ በ1983። የጥንቱ የጠዋቱ ግን ኡሜቦሺ የሚባለው በጨው የተዘፈዘፈ ፍሬ ነው፤ ኮምጣጣነቱ ዓይን ያስጨፍናል። ጨው ተነስንሶበት የተጠበሰ ሳልመን ተፈርፍሮም ይገባል።

ለጾም ኡሜቦሺ ወይም የተቆላ ሰሊጥ ከጨው ጋር ሩዙ ላይ ነስንሶ መጨበጥ ይበቃል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለየቤታችሁ ትቼዋለሁ።

መጨበጥ

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። አንድ ሳህን ውሃና ትንሽ ጨው አጠገባችሁ አስቀምጡ። መዳፋችሁን አርጥቡ፣ በሁለት ጣት ቆንጥራችሁ ያነሳችሁትን ጨው መዳፋችሁ ላይ አሹት። ጨዉ ድስቱ ውስጥ ሳይሆን ውጪው ላይ መሆኑ ጥቅም አለው፤ ምላስ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ስለሆነ ጥቂቱ ብዙ ይሰማል።

110 ግራም ያህል ሩዝ መዳፋችሁ ላይ አድርጉ፣ መሐሉን ጎድጎድ አድርጋችሁ አንድ የሻይ ማንኪያ ሙሉ ማባያ ጨምሩ፣ ዳር ዳሩን መልሳችሁ ሸፍኑት። የግራ መዳፋችሁ ከሥር ይደግፍ፤ የቀኙን ጣቶች እንደ ጣራ አጥፋችሁ ከላይ ጫን በሉ። የተጫነው ቦታ ማዕዘን ይሆናል። ድብልብሉን አዙራችሁ ሁለተኛውን ማዕዘን፣ ከዚያ ሦስተኛውን። ሁለት ዙር ከሄዳችሁ አቁሙ።

እኛ ጭብጦ ስንጨብጥ ያደግን ሰዎች እዚህ ላይ እንፈተናለን። በሶ ሲጨበጥ መጥበቁ ያምርበታል፤ ኦኒጊሪ ግን ከጠበቀ ፍሬዎቹ ተጨፍልቀው ሊጥ ይሆናል። በሁለት ጣት ሲነሳ የማይፈርስ፣ አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ፍሬ በፍሬ የሚበተን ከሆነ ልክ ነው። ቦንጎ ዘንድ ሰው የሚሰለፈው ለዚህ ልስላሴ ጭምር ነው።

ለምሳ ዕቃ የሚቋጠር ከሆነ በባዶ እጅ ከመጨበጥ በምግብ መጠቅለያ ፕላስቲክ ውስጥ አድርጎ መጨበጥ ይሻላል፤ ከእጅ የሚተላለፍ ባክቴሪያ ለብ ባለ ሩዝ ውስጥ ይራባል። ሦስት ማዕዘኑ አልታዘዝ ካለም አትጨነቁ፤ ክብ የሚያደርጉም፣ በርሜል የሚያስመስሉም አሉ።

ኖሪው

እያንዳንዱን ቅጠል ለሁለት ቁረጡ። ለስልሶ ከሆነ እሳት ላይ ሁለት ሦስት ሰከንድ ብቻ አሳልፉት፣ ይንኮሻኮሻል። የሚያብለጨልጨው ጎን ወደ ውጭ ይሁን፣ ከሥር ጀምራችሁ ወደ ላይ ጠቅልሉ። እንዲንኮሻኮሽ የሚፈልግ ሰው መጠቅለል ያለበት ሊበላ ሲል ነው፤ የሩዙ እንፋሎት በደቂቃዎች ውስጥ ያለሰልሰዋል። ኮንቢኒዎቹ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይህን ችግር በፕላስቲክ ፈቱት፤ ኖሪውና ሩዙ መሐል ስስ ፕላስቲክ አለ። መሐሉ ላይ ያለችውን ክር ወደ ታች ትስባላችሁ፣ ቀኝ ጫፉን፣ ከዚያ ግራ ጫፉን ታወጣላችሁ፤ ቅደም ተከተሉ በቁጥር ተጽፎበታል። ቁጥሩን ያልተከተለ ሰው እጁ ላይ የሚቀረው የተቀደደ ኖሪና ራቁቱን የቀረ ሩዝ ነው።

ኖሪ በዚህ ብዛት መገኘቱ ራሱ የአንዲት እንግሊዛዊት ውለታ ነው። የአልጌ ተመራማሪዋ ካትሊን ድሩ-ቤከር በ1949 አልጌው በአንዱ የሕይወቱ ምዕራፍ በባሕር ዛጎል ውስጥ እንደሚያድግ አሳተመች፤ የጃፓን ገበሬዎች ዘሩን አስበው ማልማት የቻሉት በዚያ ዕውቀት ነው። ኩማሞቶ ክፍለ ሀገር፣ ኡቶ ከተማ ውስጥ ሐውልት አቁመውላታል።

ማቆየት

በዚያው ቀን ብሉት፤ ሙቀት ባለበት ቦታ ደግሞ ከሁለት ሰዓት በላይ አታቆዩት። ፍሪጅ ውስጥ ከገባ ሩዙ ይደርቃል፣ ይጠነክራልም። ለነገ ከሆነ ገና ትኩስ እያለ ያለ ኖሪ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት፣ ከዚያ በማይክሮዌቭ አሙቁት። ማዮኔዝ ያለበትን ግን ለፍሪዘር አልመክርም፤ ሲቀልጥ ዘይቱ ይለያል።

የተረፈውን ያኪ ኦኒጊሪ አድርጉት። መጥበሻውን ጥቂት ዘይት ቀብታችሁ በመካከለኛ እሳት ሁለቱንም ጎን ቅርፊት እስኪያወጣ ጥበሱ፤ ሶይ ሶስ የምትቀቡት ከዚያ በኋላ ነው፣ በየጎኑ አንድ ደቂቃ ብቻ እየመለሳችሁ። ቀድማችሁ ከቀባችሁት ሩዙ ቅርፊት ሳያወጣ ሶሱ ያርርባችኋል።