መብራት ቢጠፋም የማይበላሽ የመጫኛ ስክሪፕት እንዴት ይጻፋል?

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ባለች ትንሽ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ፣ ኡቡንቱ በተጫነባቸው ስምንት ኮምፒውተሮች ላይ በስክሪፕት (ትዕዛዞችን በተራ በሚያስፈጽም ፋይል) ፕሮግራም ስጭን አምስተኛው ላይ ስደርስ መብራት ጠፋ። ሲመጣ ስክሪፕቱን እንደገና አስነሣሁት፤ «ይህ ፎልደር አስቀድሞ አለ» ብሎ ቆመ። ኮንፊግ ፋይሉን (የፕሮግራሙ ቅንብር የሚጻፍበትን) ስከፍት ደግሞ አንዱ መስመር ሁለት ጊዜ ተጽፏል። ከዚያ ወዲህ ገና ስጀምር የምጠይቀው፣ መሃል ላይ ተቋርጦ እንደገና ቢነሣስ የሚለውን ነው።

መጀመሪያ አናቱ ላይ «ሴት»ን ከ«ኢ» እና ከ«ዩ» ጋር ጻፉ። «ኢ» ትዕዛዝ ሲከሽፍ ስክሪፕቱን ያስቆመዋል። «ዩ»ን አትናቋት፦ ያለ እሷ የቫሪያብል (ዋጋ የሚያዝበት ስም) ፊደል ብትስቱ፣ ትዕዛዝ አስፈጻሚው ሼል ባዶ አድርጎ ያልፈዋል፤ ያ ባዶ ዋጋ «አርኤም» በሚባለው የመሰረዣ ትዕዛዝ ውስጥ ከገባ ያላሰባችሁት ቦታ ይሰረዛል። ሼሉ ባሽ ከሆነ «ፓይፕፌይል»ንም ጨምሩ፤ በፓይፕ ከተያያዙት ትዕዛዞች አንዱ ሲከሽፍ እንዳይታለፍ ነው። ቫሪያብሎችን ሁሉ በድርብ ትምህርተ ጥቅስ ክበቡ።

ቀጥሎ የኡቡንቱን ፕሮግራም መጫኛ «ዲፒኬጂ»ን ከ«ኮንፊገር» እና ከ«ኤ» ጋር አስገቡ። ፋይሎቹ ተፈትተው ሳይዋቀር የቀረ ፕሮግራም ካለ ማዋቀሩን ይጨርሰዋል፤ ከሌለ ዝም ብሎ ያልፋል።

ፋይል ስታወርዱ የማውረጃውን ትዕዛዝ «ደብሊውጌት»ን በ«ሲ» ተጠቀሙ፤ ካቆመበት ይቀጥላል፣ ዳታችሁም አይባክንም። የወረደውን ፋይል አሻራ በ«ሻ 256» አስልታችሁ አዘጋጆቹ ካወጡት 64 ፊደልና አኃዝ ጋር አመሳክሩ። ካልገጠመ ሰርዛችሁ እንደገና አውርዱ።

ፎልደር ስትፈጥሩ «ኤምኬዲር»ን በ«ፒ» አድርጉት፤ ፎልደሩ ቢኖርም አያማርርም።

ኮንፊግ ፋይል ላይ ግን ጊዜ ስጡ፤ ብዙ ስክሪፕት የሚበላሸው እዚህ ነው። መስመር ከመጨመራችሁ በፊት በ«ግሬፕ» ፈልጉት፣ ከሌለ ብቻ ጨምሩ። ሙሉ ፋይል የምትቀይሩ ከሆነ ያለውን በቀጥታ አትጻፉበት። አዲሱን እዚያው ፎልደር ውስጥ በሌላ ስም ጽፋችሁ፣ በ«ሲንክ» ዲስክ ላይ አሳርፋችሁ፣ ከዚያ በ«ኤምቪ» ስሙን ቀይሩ። እንዲህ ሲሆን ቦታው ላይ የሚገኘው ወይ አሮጌው ወይ አዲሱ ነው፤ ግማሽ ፋይል አይቀመጥም።

ለመፈተሽ «ባሽ»ን በ«ኤን» ብታስነሡት ሳይሠራ የአጻጻፍ ስሕተቱን ያሳያችኋል፤ ስክሪፕት የሚመረምረው ሼልቼክ ደግሞ የተረሳ ትምህርተ ጥቅስ ይጠቁማል። ከዚያ ቨርቹዋል ማሽን (ኮምፒውተር ውስጥ የሚሠራ የሙከራ ኮምፒውተር) ላይ አስጀምሩት፣ መሃል ላይ በኮንትሮል ሲ አቋርጡት፣ እንደገና እስኪጨርስ አስኬዱት። ኮንፊግ ፋይሉን ኮፒ አድርጋችሁ ለሦስተኛ ጊዜ አስነሡትና ሁለቱን በ«ዲፍ» አወዳድሩ። አንድ መስመር እንኳ ከተለየ ወደ «ግሬፑ» ተመለሱ።