ያገለገለ ጀበና ስትገዙ ገልብጧት

«የአያቴ ነበረች» ተብሎ ጀበና ሲቀርብላችሁ፣ ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት ገልብጧት። ምድጃ ላይ የኖረች ጀበና ጥላሸቷ የሚወፍረው ቂጧ ላይ ነው፤ ወደ አንገቷ ሲወጣ ይሳሳል። ከላይ እስከ ታች መጥቆሯ ብቻውን ነውር አይደለም፣ ሲሠሯትም ያጨሷታል። ግን አንገቷን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ እሹት። እኔ አንዷን ባሽ ጨርቁ የጫማ ቀለም ሸተተኝ፤ ሻጩም ሳቀ።

ቀጥሎ ሙቅ ውሃ ጨምሩባትና አሽትቱ። ተሟሽታ ብዙ ያፈላች ጀበና ቡናዋን አትደብቅም። ይህ ግን ማገልገሏን እንጂ ዕድሜዋን አይናገርም፤ ጥላሸትና የቡና ሽታ በጥቂት ወራትም ይመጣል። ስለዚህ ለ«መቶ ዓመት» ወሬ ተጨማሪ ብር አልከፍልም። እጀታዋ ጣት በሚያርፍበት ቦታ ብቻ ልሞ ከሆነ ግን ልቤ ይከፈታል።

አገሯንስ? መቅጃዋን እዩ። ከሆዷ የወጣ ሌላ አፍ ካላት አዲስ አበባ የለመድናት ዓይነት ናት። በአንገቷ ብቻ የምትቀዳውና የፈረስ ጭራ የሚወተፍባት ብዙ ጊዜ የትግራይና የኤርትራ ናት።